የስርቆቱ ባልደረባ፣ የግድያው ባለቤት፦ የይግባኝ ታሪክ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን

ሦስት ሰዎች በሌሊት አንድ ቤት ሰብረው ገቡ እንበል። አንዱ ደጅ ቆሞ መንገድ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ሣጥን ይበረብራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ነቅቶ የተነሣውን ባለቤት በያዘው ስለት ወግቶ ይገድለዋል። ስርቆቱ የሦስቱም ለመሆኑ ክርክር የለም። ሞቱስ የማን ነው? በእንግሊዝ አገር ተፀንሶ በአሜሪካ ሥር የሰደደው አንድ ደንብ የሦስቱም ነው ይላል፦ ከባድ ወንጀል ሲፈጸም ሰው ከሞተ የወንጀሉ ተሳታፊ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ደጅ የቆመው ሰው መግደልን ማሰብ አለማሰቡ አይጠየቅም። የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ደንብ እንዳለ ተቀብሎት አያውቅም። ጥያቄው ግን ለሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። ከአንኮበር ነገሥታት አደባባይ ጀምሮ እስከ ዛሬው የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ፣ ስርቆትና ሞት በአንድ ሌሊት በተገናኙ ቁጥር ተነሥቷል። ታሪኩን በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው አንድ አቅጣጫ ያያል፦ በጅምላ የተጫነ ጥፋት ቀስ በቀስ ወደ እያንዳንዱ ሰው ድርሻ ሲከፋፈል፣ ይግባኝም የክፍፍሉ ዋና መሣሪያ ሲሆን። የመሣሪያውም ወሰን አብሮ ይታያል። ይግባኝ ሰሚ ዳኛ የሚከፋፍለው መዝገቡ ለይቶ የጻፈለትን ብቻ ነው።

መነሻው የአካባቢው ሥርወ መንግሥት ሳይሆን መጽሐፍ ነው። ደብረ ብርሃንን የመሠረተው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠ ሲሆን፣ ፍትሐ ነገሥት ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በእርሱ ዘመን እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በኢብን አል አሳል የተጠናቀረው ይህ ሕግ ከኦሪት፣ ከሐዲስ ኪዳን፣ ከቀኖናትና ከሮማውያን ሕግ የተውጣጣ ነበር። በነፍስ ጉዳይ ላይ ከኦሪት የመጣውን ልዩነት አጥብቆ ይይዛል፦ አድፍጦ የገደለና የምሳሩ ራስ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው እኩል አይፈረድባቸውም። ስለ ቤት ሰባሪም ኦሪት ዘጸአት የደነገገው ታዋቂ ነው። ሌባው በሌሊት ሲሰብር ተገኝቶ ቢገደል ገዳዩ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣችበት ግን ዕዳ አለበት። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ከድንጋጌው ሥር ያለው አስተሳሰብ ነው። የሞተው ሰው አንድ ሆኖ ሳለ የገዳዩ ዕዳ እንደ ሁኔታውና እንደ ሐሳቡ ይለያያል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ሐሳብ መመርመር ከአውሮፓ የተቀዳ ዘመናዊ ፈሊጥ ነው የሚል ሰው፣ የራሳችንን ነባር መጽሐፍ ዘሎ ያለፈ ነው። የጎደለው ሐሳቡ ሳይሆን በየመንደሩ ሥራ ላይ የሚያውለው ሥርዓት ነበር።

ያ ጉድለት ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዛው ይህ ንጉሥ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወረ ይቀመጥ ነበር። ከአንኮበር ተራራ ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ስለነበረ፣ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅና ባሪያ ይለዋወጥበት ነበር። ንብረት በተሰበሰበበት ሌባ አይጠፋም፤ ሌባ ባለበትም ደም ይፈሳል። ወንጀለኛው እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው አፈርሳታ፣ በሌላ አካባቢ አጠራሩም አውጫጭኝ ነው። ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን እየማለ ይናገራል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራው መመለስ የለም፤ ሳይታወቅ ከቀረም ያገሩ ሰው በጋራ ካሣ ይከፍላል። ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ጠጥቶ እየተወላገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። የመጀመሪያው መንገድ ጥፋትን በመንደሩ ሁሉ ላይ ያከፋፍላል፤ ሁለተኛው ማንም ሊመረምረው በማይችል ምልክት በአንድ ሰው ላይ ይጭናል። ሁለቱም ማን ምን እንዳደረገ ለይተው አይናገሩም።

አፈርሳታን ግን በዛሬ ዓይን ብቻ አይቶ መናቅ አይገባም። ፖሊስና የምርመራ መዝገብ በሌለበት አገር፣ ምስክርነት በሕዝብ ፊት እንዲሰጥና ሐሜት ወደ አደባባይ እንዲወጣ ያደርግ ነበር። ጉዳቱ የሚታየው ስርቆቱ ሞት ሲያስከትል ነው። የተሰረቀ በሬ ዋጋ በነፍስ ወከፍ ሊከፈል ይችላል፤ የሰው ነፍስ ግን በነፍስ ወከፍ አይከፈልም። በዘመኑ ልማድ ነፍሰ ገዳይ የተባለው ሰው ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር። ደመኛው ወይ ደሙን ይመልሳል፣ ወይ ካህናትና ሽማግሌዎች ገብተው የደም ዋጋ ይቀበላል። እንግዲህ አራት ሆነው ከሰረቁት መካከል ለደመኛ የሚሰጠው የትኛው ነው? የመንደሩ ጣት መጀመሪያ የጠቆመው ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ የሌለውም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ቦታ ላይ ነው ይግባኝ ትርጉም የሚያገኘው። ክርክሩ ከአጥቢያው ዳኛ ተነሥቶ ወደ ምስለኔው፣ ከዚያ ወደ አገረ ገዥው፣ ከዚያም ወንበር ወደሚባሉት የንጉሡ ዳኞች ይወጣል፤ መጨረሻው ንጉሡ ራሱ ነው። የሞት ፍርድ የንጉሥ ሥልጣን ስለነበረ የደም ነገር ከመንደር ቁጣ ርቆ አንድ ጊዜ እንደገና የመሰማት ዕድል ነበረው። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ከቆላ ወደ አንኮበር ሲወጡ የሚያልፈው ጊዜ ራሱ ቁጣን ያበርድ ነበር። ንጉሡ ፊት የሚደርሰው ግን የጽሑፍ መዝገብ አይደለም፤ የተከራካሪዎቹ አንደበትና የምስክሮቹ ቃል ነው። በላ ልበልሃ በሚባለው ሙግት አንደበተ ርቱዕ የሆነው ጥፋቱን ከራሱ ያርቃል፤ ዲዳው ድሃ የጓደኛውን ደም ተሸክሞ ይቀራል። የአንኮበር ይግባኝ ምሕረትን ያስገኝ ነበር፤ የጥፋትን ድርሻ ለይቶ ለማስቀመጥ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረውም።

በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለደው ምኒልክ ይህን ሥርዓት ወርሶ ከሸዋ ወደ መላ አገሪቱ ይዞት ወጣ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ የአያቱን ዙፋን ከያዘ በኋላ አንኮበር ለተወሰነ ጊዜ መናገሻው ነበረች፤ ኋላ ግን ችሎቱ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ተሻገረ። ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ከደጁ የነበረው የመጨረሻ ይግባኝ የቀናት መንገድ ራቀበት። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። አፈ ንጉሡ ከበታች ዳኞች የሚመጣውን ይግባኝ ይሰማ ነበር፤ ከእርሱ በላይ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት መቋቋሙ የጸሐፊ እጅ በፍርድ ላይ እንዲበረታ አደረገ። ቅጣቱ ግን ገና የቀድሞው ነበር። የሌባ እጅ መቁረጥም ሆነ ነፍሰ ገዳይን ለደመኛ መስጠት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በመናገሻው ከተማ ሳይቀር ይፈጸም ነበር። የተቆረጠ እጅ በይግባኝ አይመለስም። ቅጣቱ ወዲያው የሚፈጸምና የማይቀለበስ ከሆነ የይግባኝ መብት በቃል ብቻ የሚኖር ነው።

ቀጣዩ እርምጃ የተጻፈ ሕግ ነው። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲታወጅ በዚያው ዓመት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ወጣ፤ የፍትሐ ነገሥትን መንፈስ ይዞ ቅጣትን በደረጃ ለመመደብ የሞከረ ሕግ ነበር። ጣሊያን ወርሮ ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የታወጀው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በእርከን አደራጀ፤ ከላይ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የጠቅላይ ግዛትና የበታች ፍርድ ቤቶች። የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ከተማ የነበረችው ደብረ ብርሃን በዚህ ዘመን እንደገና የፍርድ መቀመጫ ሆነች። የእርከን መኖር ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ይግባኝ ከገዥው በጎ ፈቃድ ወጥቶ ቦታና ሥልጣኑ በአዋጅ የታወቀ ተቋም የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

የዚህ ታሪክ ዋና መታጠፊያ 1949 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ፤ አርቃቂው የጄኔቫው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። ከአራት ወር በፊት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1957፣ እንግሊዝ ባወጣችው የነፍስ ግድያ ሕግ ያንን ጥንታዊ ደንብ፣ ማለትም በሌላ ከባድ ወንጀል ውስጥ የደረሰን ሞት በራሱ እንደ ታሰበበት ግድያ መቁጠርን፣ ሽራ ነበር። ሁለቱ ሕጎች ተመካክረው አልወጡም፤ ነገር ግን እንግሊዝ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ከደረሰችበት ቦታ ኢትዮጵያ በአዲስ ሕጓ ተነሣች። ለንጽጽር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1860 የወጣው የሕንድ የቅጣት ሕግ በአንቀጽ 396 ላይ አምስትና ከዚያ በላይ ሆነው ሲዘርፉ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ቢገድል ሁሉም እስከ ሞት ሊቀጡ እንደሚችሉ ይደነግግ ነበር። የኢትዮጵያ ሕግ ሌላ መንገድ መረጠ። በአንቀጽ 32 ዋና ወንጀል አድራጊ ማን እንደሆነ ከተረጎመ በኋላ፣ የተፈጸመው ነገር ተሳታፊው ካሰበው ያለፈ እንደሆነ የሚዳኘው በአንቀጽ 58 መሠረት እንደሚሆን አመለከተ። አንቀጽ 58 ደግሞ ማንም ሰው ባላወቀውና ባላሰበው፣ ወይም በቀጥታም ሆነ ሊደርስ ይችላል ብሎ ከተቀበለው ውጤት ባለፈ ነገር አይቀጣም ይላል፤ የቸልተኝነት ድንጋጌዎች ግን እንደተጠበቁ ናቸው። ከላይ ለተነሣው የሦስቱ ሌቦች ጥያቄ ይህ የሕጉ መልስ ነው። ደጅ የቆመው ሰው ጓደኛው ስለት መያዙንና ባለቤቱ ከነቃ እንደሚወጋው አውቆ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ከቆመ ሞቱ የእርሱም ነው። ይህን ማወቁ ካልተረጋገጠ ግን ተጠያቂነቱ ለስርቆቱ ነው፤ ምናልባትም ማሰብ ሲገባው ባለማሰቡ ለቸልተኝነቱ።

ሕጉ ግን አንድ ክፍተት አልደፈነም። በዚያው ሕግ ስለ ከባድ ውንብድና የተደነገገው ክፍል፣ የተጠቀሙበት ኃይል ሞት ወይም ዘላቂ የአካል ጉዳት ካስከተለ ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራትና እስከ ሞት እንዲደርስ ፈቅዷል። እዚህ ላይ የሚታየው ውጤቱ ነው። ድንጋጌውን ለብቻው ያነበበ ዳኛ፣ ውንብድናው የጋራ ከሆነ ሞቱም የጋራ ነው ወደሚል መደምደሚያ በቀላሉ ይደርሳል፤ በዋናው በር የተባረረው ደንብ በጓሮ በር ይመለሳል ማለት ነው። አንቀጽ 58ን አስቀድሞ ያነበበ ዳኛ ግን ቅጣቱን የሚያከብደው ኃይሉን ለተጠቀመውና ኃይሉን አውቆ ለተቀበለው ብቻ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ የሚቀርብ ይግባኝ ሁሉ፣ ቃሉ ቢለያይም፣ በእነዚህ ሁለት አነባበቦች መካከል የሚደረግ ሙግት ነው።

ሙግቱን የሚያስተናግደው ሥርዓት በ1954 ዓ.ም. ጥቅምት በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተዘረጋ። ከስድሳ ዓመት በላይ የተሠራበት ይህ ሕግ ለይግባኝ ትክክለኛ የጊዜ ገደብ ሰጠ። ይግባኝ ባይ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቂያውን፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ማመልከቻውን ያቀርባል። ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ካልሆነ በቀር ይግባኝ አይልም። ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን መሻር፣ ጥፋቱን ለውጦ ቅጣቱን ማጽናት፣ ጥፋቱን አጽንቶ ቅጣቱን መለወጥ ይችላል፤ አስፈላጊ ከሆነም ተጨማሪ ማስረጃ ይሰማል። አብረው ከተፈረደባቸው አንዱ ብቻ ይግባኝ ብሎ ቢረታ፣ ጥቅሙ ይግባኝ ላላሉትም የሚተርፍበት መንገድ አለ። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለቡድን ወንጀል ትልቅ ትርጉም አለው፤ የአንዱ ጥፋት ለሌላው እንዳይተላለፍ እንደሚከለከል ሁሉ፣ የአንዱ ጭብጥ ለሌላው እንዲተርፍ ይፈቀዳል። ዙፋን ችሎትም አልተዘጋም። አንቀጽ 183 ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት የሚቀርበውን አቤቱታ እንዳለ አቆየው፤ የአንኮበር አደባባይ በዘመናዊው ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አገኘ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ታሪኩን የለወጠው ስለ ይግባኝ የማይናገር አንቀጽ ነው። አንቀጽ 149 ዳኛው ፍርዱን ሲጽፍ የማስረጃውን ፍሬ ነገር፣ የተቀበለበትን ወይም ውድቅ ያደረገበትን ምክንያትና የፈረደበትን ሕግ እንዲያሰፍር ያዘዋል። ሣህለ ሥላሴ ፊት የቀረበው ሰው ያጣው ይህንን ነበር። በቃል የተነገረ ፍርድ የሚመረመረው እንደገና በቃል በመናገር ነው፤ ምክንያቱ የተጻፈ ፍርድ ግን በራሱ ቃል ይመዘናል። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሦስተኛው ተከሳሽ ደጅ ቆሞ እንደነበር መስክረውበታል ብሎ ጽፎ፣ ያንኑ ሰው በከባድ የሰው ግድያ ጥፋተኛ ካለው፣ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን ክፍተት ይግባኝ ሰሚው ያየዋል። ስለ ሐሳቡ አንድም ቃል ካልተጻፈ ጉድለቱ ራሱ የይግባኝ ምክንያት ነው።

የ1966ቱ አብዮት ይህንን ግንባታ ከሁለት ቦታ ሰበረው። ዙፋን ችሎት ከዙፋኑ ጋር ጠፋ፤ በ1967 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም ይግባኝ የሌለው ፍርድ መስጠት ጀመረ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ጨርሶ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። ተራው የስርቆትና የግድያ ጉዳይ በመደበኛ ፍርድ ቤቶች፣ በ1949ኙ ሕግ መታየቱን ቀጠለ፤ ነገር ግን መንግሥት ራሱ ሰዎችን በቡድን ስም እየፈረጀ በሚቀጣበት ዘመን፣ የአንድን ሌባ ድርሻ ከጓደኛው ለይቶ መመዘን ያለው ክብር መቀነሱ አይቀርም። ይህ ዘመን ለክርክሬ የሚሰጠው ማስረጃ በተቃራኒው በኩል ነው። ይግባኝ ሲወገድ አብሮ የሚወገደው የእያንዳንዱ ሰው ጥያቄ መሆኑን አሳይቷል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ይግባኝን በአንቀጽ 20 ከተከሰሱ ሰዎች መብቶች አንዱ አደረገው። በአንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠ የእምነት ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንዳይኖረው ከለከለ፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ እንዳይጓደልበት መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለትም ደነገገ። ሁለቱም ለቡድን ወንጀል ቀጥተኛ ፋይዳ አላቸው። በሌሊት ቤት ሰብረው የገቡ ሰዎች ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚመሠረተው መጀመሪያ የተያዘው ሰው ለፖሊስ በሚሰጠው ቃል ላይ ነው፤ እርሱም ስለቱን ከራሱ እጅ አውጥቶ በጓደኛው እጅ ለማስያዝ ምክንያት አለው። ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ የ1949ኙን አንቀጽ 32ንና 58ን በዚያው ቁጥር ይዞ ቀጠለ። ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የተፈጸመን ለመደበቅ ሲባል የሚደረግን ግድያ በአንቀጽ 539 ከከባዱ ግድያ መደበው፤ ቅጣቱም ዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ነው። በአንቀጽ 540 ለተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት አስቀመጠ፤ ከባድ ውንብድናን በአንቀጽ 671 አስፍሮ፣ ኃይሉ ሞት ሲያስከትል ቅጣቱ የሚደርስበትን ጣሪያም ጠበቀ። የድሮው ክፍተት ከነሙግቱ ወደ አዲሱ ሕግ ተሻገረ።

ዛሬ መቀመጫው ጎረቤላ በሆነው በአንኮበር ወረዳ እንዲህ ያለ ወንጀል ቢፈጸም፣ የነፍስ ጉዳይ በመሆኑ ክሱ ደብረ ብርሃን ላለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ይግባኙ የሚሰማው ዋና መቀመጫው ባሕር ዳር በሆነው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን የሚመረምረው ሰበር ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደርጓል። ሰበር ግን ፍሬ ነገርን እንደገና አይመዝንም፤ የበታች ፍርድ ቤት ተረጋግጧል ያለውን ተቀብሎ ሕጉን ብቻ ይመረምራል። ደጅ ቆሞ የነበረው ሰው ስለት መኖሩን ማወቅ አለማወቁ በደብረ ብርሃን መዝገብ ካልሰፈረ በሰበር ደረጃ የሚያነሣው የለም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው የሟች ቤተሰብ ተቃውሞ ነው። ሦስቱ ባይተባበሩ ኖሮ ሰውዬው አይሞትም ነበር፤ ሌሊት ቤት ሰብሮ የሚገባ ሰው ደም ሊፈስ እንደሚችል ያውቃል፤ ታዲያ ድርሻ መለየቱ ለሌባ መደራደር አይሆንም ወይ? እውነት አለው። መልሱ ግን በራሱ በተቃውሞው ውስጥ ነው። የሚያውቅ ከሆነ፣ ያውቅ እንደነበር ይረጋገጥ፤ ሕጉ ሊደርስ እንደሚችል አውቆ የተቀበለውን ሰው ከቀጥተኛው ገዳይ እኩል ይጠይቀዋል። ያላወቀው ማሰብ ሲገባው ባለማሰቡ ከሆነ ደግሞ በቸልተኝነት የሚጠየቅበት አንቀጽ 543 አለ። ስርቆቱ ወይም ውንብድናው ለብቻው የሚያስቀጣው ቅጣትም ቀላል አይደለም፤ ተራ ውንብድና እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስከትላል። እንግዲህ ማንም በነጻ አይሄድም። የሚቀረው ጥያቄ እያንዳንዱ በራሱ ሥራ ይቀጣ ወይስ በጓደኛው ሥራ የሚለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ማስፈራራት ነው። ሁሉም በሞት እንደሚጠየቁ ቢያውቁ ስለት ይዞ የመጣውን ጓደኛቸውን ራሳቸው ይከለክሉታል ይባላል። አሜሪካ ይህንን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ሞክራዋለች። በፍሎሪዳ ከእርሻ ቤት ደጅ መኪና ይዞ ሲጠብቅ የነበረ ሰው፣ ውስጥ የገቡት ጓደኞቹ ባልና ሚስት በመግደላቸው ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 የገደለም፣ ለመግደል የሞከረም፣ ያሰበም ባለመሆኑ የሞት ቅጣቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ደንቡን አጠበበች፤ ቀድሞ የተፈረደባቸውም ቅጣታቸው እንደገና እንዲታይ እንዲያመለክቱ ፈቀደች። ማስፈራራቱ የታሰበውን ያህል ቢሠራ ኖሮ በገዛ አገሩ ይህን ያህል ባልተከለሰ ነበር። ምክንያቱም ለመረዳት አይከብድም። የባልደረባውን ድንገተኛ እርምጃ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በዚያ እርምጃ በሚጣል ቅጣት አስቀድሞ ሊፈራ አይችልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሽምግልና በኩል ይመጣል። በሰሜን ሸዋ ገጠር ደም የሚደርቀው በእርቅ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ድርሻ ሲከፋፍል ዓመት ያልፋል፣ ቂሙም ይከርማል ይባላል። እርቅ ቤተሰብን ከቤተሰብ ለማስታረቅ ያለውን ኃይል የሚክድ የለም፤ ካሣ መክፈልና ከልብ መጸጸት በሕጉም ቅጣት ማቅለያዎች ናቸው። እርቅ የሚደረገው ግን በወገንና በወገን መካከል ስለሆነ፣ በተፈጥሮው ጥፋትን በጅምላ ይይዛል። ስለዚህ ከፍርዱ ጎን ይቆም እንጂ በፍርዱ ቦታ አይቁም። ይግባኝ ለወንጀለኛ ብቻ ያደላል የሚለውም ቢሆን ከሥርዓቱ ጋር አይገጥምም፤ ዐቃቤ ሕግም በነጻ መለቀቅና በቅጣት ማነስ ላይ ይግባኝ ይላል። ደጅ ቆመ የተባለው ሰው በእርግጥ ስለቱን አቀብሎ ከነበረ፣ ይህንኑ ለማሳየት የተከፈተ በር አለ ማለት ነው።

ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን የተጓዘው ይህ ታሪክ ሕጉ ወዴት እንደሄደ ግልጽ አድርጓል። የሚቀረው ሥራ ያለው ከይግባኝ በፊት ነው። መርማሪው ፖሊስ የእያንዳንዱን ተጠርጣሪ ቃል ሲቀበል ማን የት ቆመ፣ ማን ምን ያዘ፣ ማን ምን ያውቅ ነበር ብሎ ለየብቻ ካልጠየቀ፤ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሾች በኅብረት በመሆን የምትለውን ሐረግ ጽፎ የየራሳቸውን ድርጊት ሳይዘረዝር ካለፈ፤ ዳኛውም በአንቀጽ 149 የታዘዘውን ምክንያት በሁለት መስመር ከቋጨው፣ አፈርሳታ ስሙን ለውጦ በችሎት ውስጥ ቀጥሏል ማለት ነው። ከአንቀጽ 671 ጋር አንቀጽ 58ን አጣምሮ ማንበብም የይግባኝ ሰሚው ብቻ ሳይሆን ክሱን የሚያረቅቀው ሰው ግዴታ መሆን አለበት። ደጅ የቆመው ሰው በጓደኛው ደም ዕድሜ ልክ ከተፈረደበት፣ ፍርዱ ትክክል ሊሆን የሚችለው ያወቀውንና የተቀበለውን ነገር የሚያሳይ አንቀጽ በፍርዱ ላይ ሲገኝ ነው፤ ያ አንቀጽ ከሌለ ቅጣቱ ምንም ያህል ሕዝብን ደስ ቢያሰኝ ይግባኝ ሰሚው ሊሽረው ይገባል።